ስልሳ ፍሬም

ያቤጽ ሠርግ ሲቀርጽ በሰከንድ ስልሳ ፍሬም ካልሆነ እጁ አይታዘዝለትም። ባህል አዳራሽ አካባቢ ካለው ስቱዲዮው በር ላይም ይህንኑ በትልቁ አስጽፏል። ስልሳው ምን እንደሆነ የጠየቀ ደንበኛ እስካሁን የለም፤ ሰው ቁጥር ሲተልቅለት ደስ ይለዋል።

የሀሴት ሠርግ ግን አደራ ነበረው። አባቷ አቶ ግዛቸው እግራቸው ተሰብሮ አለታ ወንዶ ተኝተዋል። ሙሽራውን ክብሩን ለልጃቸው የመረጡት እሳቸው ናቸው፤ እሷም "አባዬ ደስ ካለው" ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣትም። እንግዲህ ሰውየው የድካማቸውን ፍሬ በስልካቸው በቀጥታ እንዲያዩ ያቤጽ ቃል ገባ።

"ሃያ አምስት አድርገው" አለችው ሚስቱና የሥራ አጋሩ ሮዳስ፣ መሃል ከተማ ባለው ቸርች ውስጥ ገመድ እየዘረጋች። "ቪዲዮ እኮ ቶሎ ቶሎ የሚገላበጥ ፎቶ ነው። ለዓይን ሃያ አምስቱ ይበቃዋል። በዚህ ኔትወርክ ስልሳ መላክ ማለት አንድ ባጃጅ ላይ ስልሳ ሰው መጫን ነው።"

"ሠርግ ነው እንጂ የጥበቃ ካሜራ ነው እንዴ?" አለ ያቤጽ፤ ነገሩም በዚሁ ተዘጋ።

ባጃጁ ሩቅ አልሄደም። ሀሴት ገብታ የቬሎዋን ጫፍ ለማየት ወደ በሩ ዞር ስትል ምስሉ ቀጥ አለ። እሷ መድረኩ ጋ ደርሳለች፤ አለታ ወንዶ ባለው ስልክ ላይ ግን አሁንም በሩን እያየች ቆማለች። ወዲያው የአክስቷ የገበያነሽ ስልክ ጮኸ። ገበያነሽ ወንድሟ የሰዉን ድምፅ ሰምተው ይረጋጉ ብላ ስልኩን በስፒከር ከፈተችው።

"ልጄ ወደ በሩ ዞራ አልሄድም ብላለች!" አሉ አቶ ግዛቸው። "ካልፈለገች ማንም እንዳያስገድዳት! ቤቷ ትምጣልኝ!"

ቸርቹ በሳቅ ፈነዳ፤ ፓስተሩም ጭምር ሳቁ። ያቤጽ በሃፍረት ወደ ሃያ አምስት አወረደው፤ ምስሉም ነፍስ ዘራ። ኔትወርክ ነው ብለው ቢያስረዷቸው አቶ ግዛቸው "እንግዲያው ቀጥሉ" አሉ። ይሁንና ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በዚያ ሁሉ ሳቅ መሃል ሀሴት አለመሳቋን ያቤጽ በካሜራው አይቷል።

"ሀሴት፣ ክብሩን ባልሽ እንዲሆን ትቀበያለሽ?" አሉ ፓስተሩ።

ሀሴት ክብሩን እያየች ቀረች።

ላይቩን በየስልካቸው ከሚያዩ ዘመዶች አስተያየቱ ጎረፈ፦ "ደግሞ ቆመ!" "ያቤጽ፣ ኧረ ኔትወርኩን!" ገበያነሽ ዞራ ገላመጠችው። ያቤጽ ገመዱን ነካካ፣ ከዚያ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ። ክብሩ በመሐረብ ግንባሩን ይጠርጋል። ፓስተሩ መነጽራቸውን ያስተካክላሉ። በሕይወቱ እንዲህ የጠራ ምስል ልኮ አያውቅም። የቆመችው እሷ ናት።

ሀሴት ቀስ ብላ ከክብሩ ወደ ካሜራው ዞረች።

"አባዬ፣ ቅድም ያልከው የእውነትህን ነው?"