ክዳኑን ያልከፈተው ፎቶ አንሺ

«የሰው ሠርግ ግማሹን የካሜራውን ክዳን ሳይከፍት አንስቶ የጨረሰ እኮ ነው» አለች አክስትየው። ከቀብሩ ወዲህ ለገባ ለወጣው ይህንኑ ነው የምታወራው። «ምስኪን ወንድሜ፣ እጁም እግሩም አይታዘዝለትም ነበር።»

ለቀስተኛው ሳቁን በሻይ ብርጭቆው ጋረደ። የሟች ልጅ አፏን በእጇ ሸፍና አቀረቀረች። የፊት ጥርሷ በልጅነቷ ከተሸረፈ ጀምሮ ልማዷ ነው። ወሬውን እውነት ነው ብላ ነው ያደገችው፤ በአባቷ ስታፍር የኖረችውም በዚሁ ነው።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ስቱዲዮው በር ላይ ቆማ ታየው ነበር። ደንበኛው ፍርድ የሚጠብቅ ይመስል ተገትሮ ይቀመጣል። አባቷን የካሜራው ማቆሚያ ያደናቅፈዋል። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ መነጽሩን ይፈልጋል። በመጨረሻ ክዳኑን ሳይከፍት ያነጣጥራል።

«ኧረ ክዳኑ፣ ጋሼ» ይላል ደንበኛው እየሳቀ።

«አይ እኔ፣ መቼ ይሆን ሰው የምሆነው።»

የክፍል ጓደኞቿ ይህን እየቀዱ ሲያሾፉባት ከርመዋል። ስለዚህ ስታገባ ሌላ ፎቶ አንሺ ቀጠረች። «አባዬ፣ ዛሬማ አንተ እንግዳ ነህ፤ እረፍ» አለችው፣ ያዘነችለት መስላ። ገባው፤ ካሜራውን ቤት ትቶ መጣ። ሁለቱ ቤተሰቦች ለፎቶ ተደርድረው፣ አማቷ ፊቷን እንደ ብረት በር ዘግታ ሳለች፣ አባቷ ከወንበር ጋር ተጠላልፎ ከነሱፉ ተዘረረ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች። ሳቋን ከጨረሰች በኋላ ነው የተቆጣችው።

«ዛሬን እንኳ ብታከብረኝ ምን ነበረበት?»

ከዚያ ወዲህ ቤቷ እንግዳ ካለ አባቷን አትጠራም ነበር። እሱም ለምን ብሏት አያውቅም።

«ያ ሠርግ ከእነ ክዳኑ...» ብላ አክስትየው ለአዲስ ገቢ ስትጀምር፣ ጥግ የተቀመጡት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የሟችን ፊልም ዕድሜ ልካቸውን ያጠቡ ሰው ናቸው።

«ክዳኑ ሳይከፈት የተነሳ ፊልም ባዶ ሆኖ ነው የሚወጣው፣ እመቤት። ከእሱ ፊልም ባዶ አንድም ገጥሞኝ አያውቅም።»

«ታዲያ ካሜራው ቀጭ ሲል የምንሰማውስ?» አለች አክስትየው።

«በምላሱ ነዋ። ካሜራውን የሚነካው ሰው ከሳቀ በኋላ ነው። ‹እኔን ቂል ሲሉኝ የራሳቸውን መልክ ይረሱታል› ይለኝ ነበር።»

ሽማግሌው ወደ ልጅየዋ ዞሩ።

«የሠርግሽ ዋዜማ እኔ ሱቅ ውስጥ ሲወድቅ ነው የዋለው። ‹እንዲህ ልውደቅ ወይስ እንዲህ?› እያለ ጉልበቱን ላጠው። ‹ልጄ ጥርሷን ስለምትደብቅ ካሜራ ፊት ስቃ አታውቅም። አንድ እንኳ ይኑራት› አለኝ።»

እሷ በቤቷ ያልሰቀለችው የሠርጓ ፎቶ እዚህ አባቷ ቤት ግድግዳ ላይ አለ። አማቷ ሳትቀር ሁሉም ይስቃሉ። እሷ ሁለት እጇን አበባው ላይ አድርጋ፣ የተሸረፈው ጥርሷ እንዳለ ወጥቶ ትስቃለች። አባቷ ብቻ የለበትም። ከታች ጥግ ላይ አንድ የጫማ ሶል ይታያል።

«ለምን አልነገረኝም?» አለች።

«ቢነግርሽማ ትስቂ ነበር?»

እጇ እንደ ልማዱ አፏን ሊሸፍን ተነሳ። አገጯ ጋ ሲደርስ ቆመ። መልሳ ጭኗ ላይ አኖረችው፤ ሰው ፊት አፏን ከፍታ አለቀሰች።