አንድ ልብ የቀራት ኤሊ

ኤሊዬን ሃጋ ኢንሺራህ ብዬ የሰየምኳት በጎረቤታችን ስም ነው፤ ሐጅ ያደረገችን ሴት እኛ ሃጋ እንላታለን። እውነተኛዋ ሃጋ ኢንሺራህ እዚህ መንሱራ ከተማ፣ ሰፈራችን ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ አንዴ ከቆመች ማንም ከቦታዋ የማይነቀንቃት ሴት ነበረች። ልጅ ሳለሁ እናቴ ዳቦ ስትልከኝ ከኋላዋ እጠጋ ነበር። ግፊያው፣ ክርኑ፣ ስድቡ ሁሉ እሷ ላይ ያርፋል፤ እኔ ዳቦዬን ይዤ እመለሳለሁ። የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ ይህን ጨዋታ ስጀምር እንስሳ ምረጪ ቢለኝ፣ ተኩላውንና ነብሩን አልፌ ኤሊዋን ያነሳሁት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ጨዋታው ውስጥ እኔ ቀስተኛ ነኝ። ቀስተኛ ከሩቅ ይወጋል፤ ጠላት አጠገቡ ከደረሰ ግን ሁለት ምት አይችልም። ስለዚህ እንስሳው ከፊት ይሄዳል። ሃጋ እያዘገመች ጭራቁ እግር ስር ትደርስና ታጓራለች። ጭራቁ ይናደዳል። ቁጣው እሷ ላይ እስካለ ድረስ እኔን ዞሮ አያየኝም። የእኔ ሥራ ፍላጻዬን እየቆጠብኩ መወርወር፣ ስትቆስል ማከም፣ ሲርባት ሰላጣ ማብላት ነው። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርን። አራቱ የትምህርት ዓመታት አለፉ፤ በግብርና ተመረቅሁ፤ ከዚያ በሙያዬ ሥራ ስፈልግ ሁለት ዓመት ሄደ።

እያንዳንዱ እንስሳ አምስት ልብ ይዞ ይመጣል። በሞተ ቁጥር አንድ ልብ ይጎድላል። የመጨረሻው ሲያልቅ ወደ መጣበት ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ ቢጠሩት አይመጣም። ለሃጋ የቀራት አንድ ልብ ነበር። ሦስቱን ያጠፋኋቸው ገና ሳላውቅበት ነው። አራተኛው ግን ባለፈው በጋ፣ ቡርዒ "ሁለት ደቂቃ ብቻ ትያዝልን" ብሎኝ እምቢ ማለት ስላቃተኝ ነው የጠፋው።

ቡርዒ የቡድናችን አለቃ ነው። አራት ነን። እሱ ያለው መርሳ መትሩህ ነው፣ ወደ ሊቢያ ድንበር በሚወስደው መንገድ። ሙሳዒድ ዓሪሽ ነው፣ ሲና ውስጥ፣ የአገሪቱ ሌላኛው ጫፍ። ጋሻችን እሱ ነው፤ ብረት ለብሶ ከፊት የሚቆመውና ዱላውን የሚቀበለው። ቢሾይ የሚንያ ልጅ ሲሆን ሐኪማችን ነው። አንዳቸውንም በአካል አላየኋቸውም። እነሱ በማይክ ሲያወሩ እኔ እሰማለሁ፤ መልሴን እጽፋለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን ሰምተው አያውቁም። ስሜን ከቡድኑ ዝርዝር ቢያዩትም ኢንጂነር ይሉኛል፤ በግብርና የተመረቀም እኛ አገር ኢንጂነር ነው። ከዚያ በላይ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ ለዚህም አመሰግናቸዋለሁ።

አንድ ግዙፍ ጭራቅ አለ፤ ስድስት ሳምንት ሞክረነው አልቻልነውም። ወደ እሱ የሚያስገባው በር የሚከፈተው በሳምንት አንድ ቀን፣ ሐሙስ ብቻ ነው። ረመዳን ሲጋመስ ቡርዒ ሰዓቱን ቀየረው። ከኢፍጣር በኋላ ሁሉም መስጊድ ወይም ዘመድ ጋ ስለሚሄድ፣ ከኢፍጣር በፊት እንግባ አለ። "አስራ አንድ ተኩል ላይ እንጀምራለን። ጭራቁ ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። አዛን ሳይል ተገላግለን ማዕድ ላይ እንቀርባለን።"

የዚያን ሐሙስ ቀትር ላይ ጻፍኩለት። "ሃጋ አንድ ልብ ነው የቀራት። ዛሬ ከኋላ ትቀመጣለች። እኔ በቀስት ብቻ ነኝ።" አውራ ጣቱን ወደ ላይ የቀሰረ ሥዕል መለሰልኝ።

ጠዋት ጠዋት የምሠራው አንድ ማስጠኛ ማዕከል በር ላይ የተማሪ ስም እየመዘገብኩ ነው። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ቆሜ ውዬ ቤት ስገባ እግሬ አብጦ ነበር። ውሃ ጥሙ ራሴን ይዞኛል። መተኛት ነበረብኝ፤ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ።

"ምን ሆናችሁ፣ ሰው ሞቷል እንዴ?" አለ ቡርዒ። "ድምፅ አሰሙ እንጂ!"

"ለመናገር ምራቅ ያስፈልጋል" አለ ሙሳዒድ። "የእኔ ከትናንት ጀምሮ አልተመለሰም።"

"ቢሾይ፣ አንተስ? ምን እያላመጥክ ነው?"

"ፉል" አለ ቢሾይ። ክርስቲያን ነው፤ ዘንድሮ ዐቢይ ጾማቸው ከረመዳን ጋር ገጥሟል። "በዘይት። ሃያ አንድ ቀን ፉል በዘይት። አትቅናብኝ።"

"ቢያንስ ማይኩን ዝጋው! የሽንኩርቱ ድምፅ እዚህ ድረስ ይሰማል።"

"አንተ ጋ የሚጾመው ጆሮህ ነው እንዴ?"

ሙሳዒድ ሳቀና በሳቁ መሀል አሳለው። ከዚያ በሩ ተከፈተ።

አጀማመራችን ጥሩ ነበር። ሙሳዒድ ቁጣውን ያዘ፤ ቢሾይ ያክመዋል፤ እኔና ቡርዒ ከጎን እንወጋለን። ሃጋ ከኋላዬ ድንጋዩ ሥር አንገቷን አስገብታ ተኝታለች። የጭራቁ ጉልበት ግማሽ ደረሰ፤ ከዚያም ዝቅ አለ። እዚህ ድረስ መጥተን አናውቅም።

ድንገት በሙሳዒድ ማይክ ውስጥ የጾም መፍቻው መድፍ ድምፅ ተሰማ፤ ተከትሎም አዛን።

"ወንድሞች" አለ ሙሳዒድ። "መግሪብ ሆነ።"

"የምን መግሪብ?" ጮኸ ቡርዒ። "ስልኬ ላይ ገና ግማሽ ሰዓት ይቀራል ይላል!"

"ያንተ ስልክ መትሩህ ነው ያለው። እኔ ዓሪሽ ነኝ።"

ፀሐይ ሙሳዒድ ጋ ጠልቃ ቡርዒ ጋ እስክትደርስ ግማሽ ሰዓት ገደማ እንደሚፈጅባት ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። ቴሌቪዥኑ በየምሽቱ የየከተማውን ሰዓት ልዩነት ይዘረዝራል። ቡርዒ ግን ሰዓቱን ሲያወጣ የራሱን ፀሐይ ብቻ ነው ያየው፤ እኛም አላረምነውም።

"አምስት ደቂቃ ታገስ፣ ጀግናው" አለ ቡርዒ።

"አባቴ ከማዕዱ ራስ ሆኖ ስሜን እየጠራ ነው። አንድ ቴምር ጎርሼ፣ አንድ ብርጭቆ ተጎንጭቼ እመጣለሁ።" ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማ። ብረት ለባሹ ሰውዬ እጁን ዘርግቶ ቀጥ ብሎ ቀረ።

ጭራቁ በሦስት ምት ጣለው።

"ኢንጂነር!" አለ ቡርዒ። "ሃጋን አስገቢ!"

መጻፍ ጀመርኩ። "ነግሬህ..." ብዬ ሳልጨርስ ጭራቁ ወደ ቢሾይ ዞረ። ቢሾይ ከወደቀ ሁሉም ያበቃል። የጻፍኩትን ትቼ ሃጋን ላክኋት።

እያዘገመች ሄደች። እግሩ ሥር ደርሳ አጓራች። ጭራቁ ቢሾይን ትቶ ወደ እሷ አጎነበሰ።

"እንደሱ ነው! ሃጋዬ! የአሏህ በረከት ይደርብሽ!" አለ ቡርዒ። "ያዥልን ብቻ፣ ሙሳዒድ እስኪመጣ!"

ሁለቱም እጆቼ ተያዙ። ግራው ያክማታል፣ ቀኙ እንድታጓራ ያዛታል። የእኔ ሕክምና ለሜዳ ጠላት የሚበቃ ነው እንጂ ለዚህ ክንድ የሚሆን አይደለም። ጉልበቷ ይወርዳል፤ ትንሽ እመልስላታለሁ፤ ከመለስኩት በላይ ይወርዳል። ቢሾይ ነጭ ልብሱን ለብሶ ሥራ ፈት ቆሟል። ሐኪሞች እንስሳ አያክሙም፤ መድኃኒት ማባከን ነው ይባላል። ይህን ለቢሾይ ያስተማረው ቡርዒ ነበር።

"እርዳት" ብዬ ልጽፍለት ፈለግሁ። የሚጽፍ እጅ አልነበረኝም።

የእኛም አዛን ተነሳ፤ በመስኮቱ በኩል፣ ከሦስት መስጊድ ባንድ ጊዜ። እናቴ ገባች።

"ኢብቲሃል፣ አልሰማሽም?"

"መጣሁ፣ እማ።"

"እጅሽን ምን አስሮሽ ነው?" አጠገቤ ቆማ ማያውን አየችው። "ይቺ ኤሊ ናት? ምን አድርጋቸው ነው እንዲህ የሚቀጠቅጧት?"

"ምንም አላደረገቻቸውም።"

"አፍሽን ክፈቺ።" ቴምር አጎረሰችኝ፤ ብርጭቆውን ከንፈሬ ላይ ያዘችልኝ። "ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው" ብላ ወጣች።

ውሃው ጉሮሮዬን ከፈተው መሰለኝ። የሃጋ ጉልበት ሲሶ ላይ ደርሷል። ቴምሩን ወደ ጉንጬ ገፋሁትና በክርኔ የማይኩን ቁልፍ ተጫንኩት።

"ቢሾይ" አልኩ። "እባክህ አክምልኝ።"

"ማናት ያወራችው?" አለ ቡርዒ።

"ማን ትሆናለች፣ ኢንጂነሯ ናት እንጂ" አለ ቢሾይ። "ምነው እስከ ዛሬ ዝም አልሽ፣ እህቴ? እኔ እኮ አንቺ የምትችያት መስሎኝ ነው የቆምኩት።" አረንጓዴው ብርሃን ሃጋ ላይ ወረደ። ጉልበቷ ከግማሽ አለፈ። ትከሻዬ እንዴት ተወጥሮ እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው።

ሁለት ደቂቃ ያህል እንዲህ ቆየን። የጭራቁ ጉልበት ሩብ ሊሆን ትንሽ ቀረው። ሙሳዒድ አልተመለሰም። በተከፈተው ማይኩ የማንኪያ ድምፅና የአንድ ሕፃን ሳቅ ይሰማል።

"ሙሳዒድ! አንድ ቴምር አልነበረም ያልከው?" አለ ቡርዒ። "ቢሾይ፣ ስንት መድኃኒት ቀረህ?"

"ሲሶ።"

"በቃ፣ ለኤሊዋ አቁም። ሙሳዒድ ሲመጣ የሚነሳበትና የሚታከምበት ይፈለጋል። እሷ እስከቻለች ትያዝ።"

"ከቻለች? አንድ ልብ ነው ያላት ብላ ልጅቷ ዛሬ ጽፋለች እኮ። አንብቤዋለሁ።"

"እኔም አንብቤዋለሁ! ሌላ ታሳድጋለች። የኤሊ ችግር አለ? ስድስት ሳምንት ለፍተናል፣ ዶክተር። አቁም አልኩህ።"

ቢሾይ ተነፈሰ። ብርሃኑ ቆመ።

ጉልበቷ እንደገና መውረድ ጀመረ። ቡርዒ ክፉ ሰው አይደለም። በምረቃዬ ቀን ቡድኑን ሁሉ አሰልፎ ርችት ያስተኮሰልኝ እሱ ነው። ርቦት ነበር፤ እሱ ጋ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ደግሞም ልክ ነው፤ እሷን ከተውኳት ሙሳዒድ ደርሶ ጭራቁን እንጥለው ይሆናል። ማድረግ የሚጠበቅብኝ ዝም ማለት ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ እችልበታለሁ።

ሃጋ አላፈገፈገችም። እንዲህ ያለ እንስሳ ካላዘዙት አያፈገፍግም። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ወደፊት ሂጂ ካልኳት ሄዳ፣ ቁሚ ካልኳት ቆማ፣ እኔ ከኋላዋ ሆኜ የሚወርደውን ቁጥር ስቆጥር ነው የኖርኩት። አሁንም እየቆጠርኩ ነበር።

"ቡርዒ" አልኩ። "ልመልሳት ነው።"

"ማንን? እንዳትሞክሪው!"

"ደክሟታል።"

"ኤሊ ናት እኮ! ኤሊ ይደክመዋል እንዴ?"

የመመለሻውን ቁልፍ ተጫንኩ። ሃጋ አንገቷን አስገብታ ከጭራቁ እግር ሥር ጠፋች፤ ከኋላዬ ድንጋዩ ሥር ታየች። ጭራቁ ቀና አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ሙሉ ለሙሉ አየሁት፤ ሁልጊዜ የማየው ጎኑን ነበር። ወደ እኔ መጣ። ሁለት ምት አልፈጀበትም። ቀጥሎ ቢሾይ፣ ከዚያ ቡርዒ። ማያው ግራጫ ሆነ።

በሙሳዒድ ማይክ ውስጥ ወንበር ተንቋቋ።

"መጣሁ፣ መጣሁ" አለ ሙሳዒድ፣ አፉ ሙሉ ሆኖ። "አባቴ ሳምቡሳ ሳትበላ አትነሳም ብሎኝ... ምነው ሁላችሁም ተኝታችኋል?"

"ጠይቃት" አለ ቡርዒ። "ኢንጂነር ኤሊዋ ደክሟት ነው። ሩብ ቀርቶት ነበር! ስድስት ሳምንት!"

"ቡርዒ" አለ ቢሾይ፣ "መጀመሪያ ብላ፣ ከዚያ ተናገር።"

"እንድበላ እኔ ጋ መች መሸና! ኢብቲሃል፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ለሚቀጥለው ሐሙስ ሌላ ቀስተኛ እፈልጋለሁ።"

በስሜ ሲጠራኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

"እሺ" አልኩት። "ጾምህን ይቀበልልህ።"

ሾርባው ቀዝቅዞ ነበር። እናቴ ልታሞቀው ስትነሳ እንዳትለፊ አልኳትና እንዳለ ጠጣሁት። አሸነፋችሁ ወይ ብላ አልጠየቀችኝም። ያበጠውን እግሬን አይታ ሌላ ወንበር ስባ አቀረበችልኝ።

በሚቀጥለው ሐሙስ የቡድኑን ዝርዝር ከፍቼ አየሁ። በእኔ ቦታ የማላውቀው ስም ተጽፏል። በአስራ አንድ ተኩል፣ በሩ በሚከፈትበት ሰዓት፣ ሃጋን ይዤ ወደ ረግረጉ ወረድኩ። ጀማሪዎች የሚማሩበት ቦታ ነው፤ ከእንቁራሪት በቀር የሚመታ የለም። ሰላጣ አበላኋት። ውሃው ዳር ተኝታ ዓይኗን ስትጨፍን አየሁ። እንዲህ እንደምታደርግ አላውቅም ነበር፤ ያለ ጠላት አቆይቻት አላውቅም።

ከሙሳዒድ መልእክት መጣ።

"የት ነሽ?"

"ረግረጉ ጋ።" አመነታሁና ጨመርኩ፤ "አልገባችሁም እንዴ? ሰዓቱ አልፏል።"

"እነሱ አዲስ ጋሻ እየፈለጉ ነው። ዛሬ አልቆምም አልኳቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ ያ ጭራቅ በፊቴ ሲያገሳ እኔን ደከመህ ወይ ያለኝ የለም። ይህን ለቡርዒ ስነግረው ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? የኢንጂነሯ በሽታ ተጋባብህ አለኝ።"

ሳቅሁ። ብቻዬን ስለነበርኩ ድምፄን አውጥቼ ሳቅሁ።

"እዚያ የሚወጋ ነገር አለ?" ሲል ጻፈ።

"ምንም የለም።"

"አዛን እስኪል ሃያ ደቂቃ አለኝ። በእኛ ሰዓት።"

"ና" አልኩት።