ብርድ ልብሱ ላይ የተጨፈረው ጓይላ

ከደብረ ማርቆስ መጥቶ መቀሌ፣ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ቤት የተከራየው መምህር ሠርክአዲስ ልብስ ማጠብ አይወድም። ባለፈው ቅዳሜ ግን ስልኩን መስኮት ላይ አስቀምጦ ጓይላ የሚባለውን የትግርኛ ጭፈራ ዘፈን ከፈተና በከበሮው ምት ሸሚዙን ያሸው ጀመር። ሳያስበው ትከሻው ተነሣ።

አደይ፣ እናቴ፣ እያለ የሚጠራቸው አከራዩ ለተብርሃን በራቸውን ከፍተው ወጡ።

"ይቅርታ አደይ፣ ልቀንሰው?" አለ ደንግጦ።

"ምን ትቀንሰዋለህ? ጨምረው እንጂ፣ ወደይ!" አሉት እንደ ልጃቸው።

ወፍራም ብርድ ልብሳቸውን አምጥተው ግቢው ሲሚንቶ ላይ ዘረጉት፤ ውሃና ሳሙና አፈሰሱበት። ጫማቸውን አውልቀው ወጡበትና እሱንም እጁን ይዘው ጎተቱት። በከበሮው ምት እየረገጡ ሲዞሩ አረፋው ቁርጭምጭሚታቸውን ዋጠው። ሠርክአዲስ በሣቅ ሆዱን ያዘ።

ጎረቤታቸው ትንሳኤ በአጥሩ በኩል ብቅ አለች።

"ዘፈኑን እንዳትዘጉት፣ ምንጣፌን ይዤ መጣሁ!" ብላ ሮጠች።