አድማሴ የሚያድርበት ቤት

ሴትዮዋ ወደ ዳሱ ስትገባ እንደ ሌላው ለቀስተኛ ጮኻ አላለቀሰችም። ከምሰሶው አጠገብ ቆመች፣ ደረቷን በመዳፏ አንድ ጊዜ መታች፣ በአገውኛ ሁለት ሦስት ቃል ተናገረች። ነጠላዋ የመኪና መንገድ አቧራ ለብሶ ቀልቷል።

ማናለብሽ ቀና ብላ አየቻት። አባቷ አድማሴ ከተቀበረ አምስተኛ ቀኑ ነበር። ዳንግላ ውስጥ ዕድሜውን እህል ሲነግድ የኖረ ሰው ስለነበር ለቅሶ ደራሹ ገና አላለቀም። ንፍሮ የያዘው ሰፌድ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ከኋላዋ ሁለት ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ ሰማች።

«እንጅባራ በሄደ ቁጥር እሷ ቤት ነው የሚያድረው።»

«ሚስቱ እያለችም?»

«እያለችም። ያን የመሰለ ሆቴል ትቶ፣ ያን ሁሉ ዳገት በእግሩ ወጥቶ እሷ ቤት። እንግዲህ አንቺው ፍረጂ።»

ማናለብሽ አልዞረችም፤ ጆሮዋ ግን ጋለ። ሴትዮዋን ታውቃታለች። እታለማሁ ትባላለች። በልጅነቷ ለዓመታት የጊዮርጊስን ዋዜማ እሷ ቤት አድራለች። ያልጠበቀችው ነገር ቢኖር አክስቷ ካሳነሽ ያደረገችውን ነው። ካሳነሽ የአድማሴ ታላቅ እህት ናት፤ የአውራጃው ሹም ለቅሶ ሲደርስ እንኳ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም ነበር። ለእታለማሁ ግን ጉልበቷን ይዛ ተነሳች፣ እጇን ስባ የራሷ መቀመጫ ላይ አስቀመጠቻትና ራሷ መሬት ተቀመጠች። ከኋላ የነበረው ሹክሹክታ ቀጥ አለ።

በየዓመቱ በጥር ወር አድማሴ ሚስቱን ይታይሽንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ለጥር ጊዮርጊስ እንጅባራ ይሄድ ነበር። ፈረሰኛው ከየአገሩ ይሰበሰባል፤ ሜዳው ከኮቴ ድምፅ ብዛት ይንቀጠቀጣል። ማናለብሽ ዓመቱን ሙሉ የምትጠብቀው ያንን ቀን ነበር። የምትጠላው ደግሞ ማደሪያውን።

አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆናት ከሜዳው ጥግ አዲስ ሆቴል ተከፈተ። ቆርቆሮ ክዳን፣ ሰማያዊ የተቀባ በረንዳ፣ የሽቦ አልጋ በነጭ አንሶላ። በረንዳው ላይ ወንበር ስቦ ጉግሱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማየት ይቻላል። የዳንግላ ነጋዴ ከነቤተሰቡ የሚያርፈው እዚያ ነበር፤ አብረዋት የሚማሩ ልጆችም ከበረንዳው ላይ ሆነው በስሟ ይጠሯት ነበር። አድማሴ በበረንዳው ሥር ዞር ብሎ ሳያይ ያልፋል። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ ዳገት ያስወጣቸዋል፤ እስከ እታለማሁ ሣር ቤት ድረስ። እሱ ከበሩ በስተቀኝ ባለው መደብ ላይ ይተኛል፣ እነሱ መሬት በተነጠፈ አጎዛ ላይ። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል። በጎች ከራስጌያቸው ሲያመነዥኩ ያድራሉ።

ምክንያት አያጣም ነበር። አንዴ፣ «ሆቴል ጫጫታ ነው፤ ጠጪው ሲዘፍን ነው የሚያድረው» ይላል። ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ «ለበቅሎዎቹ ሣር የለም» ይላል፤ በአውቶቡስ በመጡበት ዓመትም ሳይቀር። እናቷ ምንም አትልም። ጓዟን ተሸክማ ከኋላው ትወጣለች።

ሀብቱ እህቱን ከለቅሶው ዳስ ጠርቶ ወደ ጓዳ ይዟት ገባ። ሀብቱ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ከአባቱ ጋር እህል ይነግድ ነበር፣ የሰው ዓይን በጣም ይፈራል።

«ሴትዮዋ ምን ፈልጋ ነው የመጣችው?»

«ለቅሶ ልትደርስ ነዋ።»

«ሰው እያወራ ነው። በጊዜ ብትሸኛት ይሻላል።»

«የመጣ ለቀስተኛ አላስወጣም» አለችው ማናለብሽ። «የሚወራውን ግን ራሴ እጠይቃታለሁ።»

ይህን ስትል አምና በዋዜማው የሆነው ነገር ትዝ አላት። ያን ጊዜ ባሏን ፈትታ አባቷ ቤት ከገባች ዓመት ሆኗት ነበር። እናቷ ሞታለች፣ ሀብቱ የራሱን ትዳር ይዟል። አድማሴ ከዘራውን ይዞ በር ላይ ቆመና፣ «ልጄ፣ ዘንድሮ አብረሽኝ ብትሄጅ» አላት። ለምኗት አያውቅም ነበር። እሷ ግን ስፌቷን ሳታቋርጥ፣ «እዚያ ጭስ ቤት ሄጄ አልተኛም፣ አባባ። ሆቴሉን ከያዙ እመጣለሁ» አለችው። ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ፣ «እሺ፣ ግድ የለም» ብሎ ብቻውን ወጣ። በሽታው የጀመረው ከዚያ በተመለሰ በወሩ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሰው ሲሳሳ እታለማሁን ጓዳ አስገባቻት። አክስቷ ካሳነሽም ሳትጠራ ተከትላ ገባች።

«እማማ እታለማሁ» አለች ማናለብሽ። «አይቀየሙኝ። ሰው የሚለውን ሰምተዋል። ከአባቴ ጋር ምን ነበራችሁ?»

እታለማሁ ወደ ካሳነሽ ተመለከተች። ካሳነሽ፣ «ንገሪያት። እሱም አለፈ፤ ከእንግዲህ የሚደበቅለት የለም» አለች።

«ባሌ ምህረቴ ይባል ነበር» ብላ ጀመረች እታለማሁ። «ከአባትሽ ጋር አብሮ አደግ ናቸው። ጉግስ ላይ ሁልጊዜ እነሱ ናቸው የሚገጥሙት፤ አንዱ ያባርራል፣ አንዱ ይሸሻል። የዛሬ ሃያ ዓመት፣ በጊዮርጊስ ለት፣ አባትሽ የወረወረው ዘንግ ጋሻውን ስቶ ማጅራቱን መታው። ከፈረስ ወደቀ። በሦስተኛው ቀን ሞተ።»

ማናለብሽ ወደ እታለማሁ ጠጋ አለች። «አባቴ ነው የገደላቸው?»

«ጨዋታ ነው። ጨዋታም ይገድላል። አባትሽ ፈረስ ሲጋልብ አይተሽው ታውቂያለሽ?»

አታውቅም። ጉግሱን ሁሌም እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ከሰው ኋላ ቆሞ ነበር የሚያየው።

«የባሌ ወንድሞች ደሙን እንመልሳለን ብለው ጠመንጃ ወለወሉ። ሽማግሌ ገባ። አባትሽ ድንጋይ ተሸክሞ ደጄ ላይ ወደቀ። ሽማግሌዎቹ ከብቱንም መሬቱንም ለካሳ ዘረዘሩልኝ። አልፈልግም አልኳቸው። ልጄ ዓለምነው ገና የሦስት ዓመት ልጅ ነው፤ የአባቱን ቦታ ከብት አይሞላለትም። ጊዮርጊስ በመጣ ቁጥር ከቤቴ እደር፣ በምህረቴ መደብ ላይ ተኛ፣ እሱ የሚበላውን ብላ አልኩት። ወንድሞቹ እዚያ ተኝተህ እያዩህ ጠመንጃቸውን ያስቀምጡ። ካሳዬ ይሄ ነው አልኩ።»

«ታርቀውት ነበር ማለት ነው» አለች ማናለብሽ።

«አልታረቅሁትም። እውነቱን ልንገርሽ» አለች እታለማሁ። «እንዲከብደው ብዬ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ጎርሶ መዋጥ ሲያቅተው አየሁና ደስ አለኝ። በሁለተኛውም እንደዚያው። ከዚያ በስንተኛው ዓመት እንደሆነ እንጃ፣ በዋዜማው ዘገየብኝ። መሽቶ መንገዱን ሳየው፣ በሰላም አምጣው እያልኩ ራሴን ሰማሁት። ከዚያ ወዲህ ቅጣት መሆኑ ቀረ። ለዓለምነው ፈረስ ያስተማረው እሱ ነው፤ ራሱ ሳይወጣ፣ ልጓም ይዞ ከጎኑ እየሮጠ።»

ካሳነሽ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «እናትሽ ታውቅ ነበር» አለች። «አባትሽ፣ ልጆቼ ነፍስ ያጠፋ ሰው ልጆች ነን ብለው አንገታቸውን ደፍተው እንዳያድጉ፣ ሲበስሉ ራሴ እነግራቸዋለሁ ይል ነበር። አምና ሊነግርሽ ነበር ያሰበው። እዚያው ቤት ወስጄ ነው የምነግራት ብሎኝ ነበር።»

ማናለብሽ አንገቷን ደፋች። እጆቿ ጭኗ ላይ እንደተጋደሙ ቀሩ።

«እኔ የመጣሁት ላለቅስለት ነው» አለች እታለማሁ ልትነሳ እያለች። «ደግሞም ልነግራችሁ። ካሳው አብቅቷል። ከእናንተ ቤት ከእንግዲህ የምጠብቀው ሰው የለም። ዓለምነው ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጉግስ ይገባል፤ አድማሴ ቢያየው በወደድኩ። አልሆነም።»

በማግስቱ ማናለብሽ ለሀብቱ ሁሉንም ነገረችውና፣ «ለጊዮርጊስ ዋዜማ እንጅባራ እሄዳለሁ» አለችው።

የአባቱ ነገር የሀብቱን ፊት አጠቆረው። የተናገረው ግን ሰው ስለሚለው ነበር። «ሰባቱ ሳይወጣ? የአድማሴ ልጅ አባቷን ትታ ለፈረስ ጨዋታ ሄደች አይሉም?»

«ጨዋታውን አላይም። ቤቱ ነው የማድረው።»

«አብቅቷል ብላለች እኮ። ራሷ ነች ያለችው።»

«ለአባባ አብቅቷል። እኔ አምና ቅሪ ሳልባል ቀርቻለሁ።»

«እንግዲያውስ ቀን ሄደሽ ሰላም በያትና ሆቴሉ እደሪ። የዳንግላ ሰው ሁሉ እዚያ ነው፤ ለቅሶ ለብሰሽ ዳገት ለዳገት ከምትታዪ ይሻላል። አልጋ እኔ አስይዝልሻለሁ።»

«ሀብቱ» አለችው ዝግ ብላ። «ዋናው ማደሩ ነው። ሰላምታ ከመንገድም ይሰጣል።»

ካሳነሽ ከዳሱ ሆና ትሰማ ነበር። «ትሂድ» አለች። «የሰባቱን ጸሎት እኔ እቀመጥላታለሁ። ወሬኛ ሲመጣ እኔን ይጠይቅ።»

በዋዜማው ማናለብሽ ጥቁር ነጠላዋን እንደለበሰች ከአውቶቡስ ወረደች። ሜዳው ዳር ለበዓሉ ዳስ ተጥሏል፣ ፈረሶች በየዛፉ ታስረዋል። የሆቴሉ በረንዳ በሰው ሞልቷል። ባለቤቱ ከሩቅ ለይቷት መጣ።

«እግዜር ያጽናሽ። ወንድምሽ ሰው ስለላከ አልጋ አስቀርቼልሻለሁ። ሜዳውን የሚያየውን።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «ለሌላ ይስጡት። እኔ ማደሪያ አለኝ።»

ዳገቱን ጀመረችው። አጋማሹ ላይ አረፍ ብላ ወደ ኋላ ስትመለከት ሰማያዊው በረንዳ የክብሪት ቀፎ ያህል ሆኖ ታያት። አባቷ በስልሳ ዓመቱ፣ በከዘራ፣ ብቻውን ይህንኑ መንገድ ወጥቷል። ነጠላዋን አጥብቃ አሰረችና ቀጠለች።

እታለማሁ ከቤቷ ደጅ ገብስ ታበጥር ነበር። ስታያት ሰፌዱን አስቀመጠች። ለምን መጣሽ አላለቻትም። እጇን ይዛ አስገባቻትና ከበሩ በስተቀኝ ያለውን መደብ በነጠላዋ ጫፍ አራግፋ፣ «አረፍ በይ» አለቻት። ራቱ ቀረበ። ማናለብሽ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለመዋጥ ተቸገረች፤ ሁለተኛው ወረደላት። ዓለምነው ረጅም፣ ዝምተኛ ወጣት ነበር፤ ውኃ እያስታጠባት፣ «ጋሽ አድማሴ እዚህ ሲተኙ እግራቸውን ወደ ግድግዳው ነበር የሚያደርጉት። በሩን እያዩ» አላት። እሷም እንደዚያ አድርጋ ተኛች። ጭሱ ዓይኗን አቃጠላት። በጎቹም ነበሩ።

በማግስቱ ዓለምነው ፈረሱን አስጊጦ ወረደ። ሁለቱ ሴቶች ቤት ቀሩ፤ አንዷ በለቅሶዋ ምክንያት፣ ሌላዋ ባሏ ከወደቀ ወዲህ ያን ሜዳ ረግጣ ስለማታውቅ። እታለማሁ ሥራ ፈለገች። ገብሱን እንደገና አበጠረች፣ የተጠረገውን ቤት ጠረገች። ረፋዱ ላይ ከታች የኮቴው ድምፅ ተነሳ፤ ከሩቅ የሚወርድ ናዳ ይመስላል፤ መሀል ላይ የሕዝቡ ጩኸት ይሰማል። መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ።

«ያን ለትም እንዲህ ነበር የሚሰማው» አለች።

ማናለብሽ መደቡ ላይ ወደ ግድግዳው ጠጋ አለችና ከጎኗ ቦታ ለቀቀች።

እታለማሁ የተለቀቀውን ቦታ አየች። በእነዚያ ሃያ ዓመታት መደቡን ስትጠርግ፣ ስትለቀልቀው፣ ቁርበት ስታነጥፍበት ኖራለች እንጂ አንድ ቀን ተቀምጣበት አታውቅም። ቀስ ብላ መጣች፣ ተቀመጠች። ማናለብሽ የጥቁር ነጠላዋን ጫፍ ዘርግታ የአሮጊቷን ጉልበት አለበሰቻት። ከታች ኮቴው ሲርቅና ሲቀርብ፣ በአንድ ነጠላ ሥር ሆነው በሩን ያዩ ነበር።