ገደል የገባችው ባዝራና የባሕር ሕግ

ያርጋል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከምጽዋ ወደ ደባርቅ አገሩ ሲመለስ ይዞት የመጣው ሀብት አንድ ሰማያዊ ኮትና የባሕር ሕግ ብቻ ነበር። ኮቱ በሁለተኛው ክረምት አለቀ። ሕጉ ግን አላለቀለትም። በጭነት መርከብ ላይ ወጥ ቤት ሆኖ ሲሠራ፣ ካፒቴኑና የመድን ድርጅት ሰዎች አደጋ ስለደረሰበት መርከብ ሲከራከሩ ሻይ እያቀረበ የሰማው ነው። ሁለት ሰው በድንበር ቢጣላ፣ «ይህ በባሕር ቢሆን ኖሮ» ብሎ ይጀምራል። የአክስቱ ልጅ በለጠች እየፈተለች ትሰማዋለች፤ አንዳንዴም፣ «አንተ ሰው፣ እዚህ ያለው ውኃ ገንቦ እንኳ በወጉ አይሞላም እኮ» ትለዋለች። እሱ ግን ይቀጥላል።

በለጠች ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷን ያቆመችላት አንዲት ቦራ ባዝራ ነበረች። ገብሱን ወደ ገበያ የምታደርስላት እሷ ናት። በዚያ በደርግ ዘመን፣ ድርቁ ከመግባቱ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ፣ ባዝራይቱ ከአህያ አርግዛ ነበር። በስሜን ተራራ በቅሎ ምን እንደሆነች የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የበለጠችን የከርሞ ኑሮ በሆዷ ይዛ ትዞር ነበር ማለት ነው።

ኅዳር ሲገባ በለጠች ለገብስ አጨዳ ደቦ ጠራች። ሰው ጠላውን ቀምሶ ማጭዱን ይዞ ማሳው ውስጥ እንደገባ፣ ባዝራይቱ ሣር ስትከተል ከአፋፉ ተንሸራተተች። እስከ ታች ግን አልደረሰችም፤ የአስታ ቁጥቋጦ ያዛትና ከአንዲት ጠባብ ጠርዝ ላይ ቆማ ቀረች። በለጠች ከአፋፉ ቁልቁል አየች።

«በቃ፣ ለአሞራ ትቻታለሁ» አለች፣ አጫጁ ሁሉ እየሰማ።

ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ምሳ ልታሰናዳ ወደ ቤት ገባች። ደቦ የጠራ ሰው መጀመሪያ ያበላል፤ የሚያዝነው ከዚያ በኋላ ነው።

ከአጫጆቹ መካከል ክንዴ የሚባል ጉልበተኛ ነበር። ማጭዱን ጣለና ወንድሙን አለነን አስከትሎ በመጫኛ ታስሮ ወረደ። አስታውን በመጥረቢያ እየመነጠረ፣ ፍየል በምትሄድበት ቀጭን መንገድ አግድመት ሳባት። መጫኛው ተበጠሰ እንጂ፣ ባዝራይቱ እግሯ ከመላላጡ በቀር ደህና ወጣች። በለጠች እልል ልትል አፏን ስትከፍት፣ ክንዴ ባዝራይቱን በደጇ አሳልፎ ወደ ራሱ በረት ነዳት። አንቺ ለአሞራ ሰጥተሻል፣ እኔም ከአሞራ ተቀብያለሁ አላት።

ነገሩ ከገበሬ ማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ ቀረበ። ዳኛው ተክለ ማርያም ፍርደ ገምድል ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ምስክሮቹ ሁሉ ቃሏን ሰምተዋል፣ እሷም አልካደችም። ፍርዱ ወደ ክንዴ ማጋደሉን ሲያይ ያርጋል ብድግ አለ።

«ጓድ ዳኛ፣ በባሕር ሕግ...»

ሳይጨርስ ተሳቀበት። ተክለ ማርያም ግን ክርክር ይወድ ነበርና ይናገር አለ። ያርጋልም አስረዳ፤ ካፒቴኑ ተስፋ ቆርጦ ጥሏት የሄደ መርከብ እንኳ ባለቤቷ አይለወጥም። ማዕበል ውስጥ ገብቶ ያዳናት ሰው ዋጋው እስኪሰጠው ይዞ ያቆያታል እንጂ የእኔ ናት አይልም። ሳያድናት ቢቀር ደግሞ ድካሙ ከንቱ ነው፤ ምንም አያገኝም።

«ለመሆኑ መርከብ ማለት በሕጉ ምንድን ነው?» አለ ተክለ ማርያም።

«በውኃ ላይ ሰውና ዕቃ ይዞ እንዲሄድ የተሠራ ነው። ድንጋይ ላይ ቢወጣም መርከብነቱ አይቀርም።»

ከዳር የተቀመጡት አባ ገብረ ኪዳን የኖኅ መርከብ መቅዘፊያም መሪም እንዳልነበራት አስታወሱና፣ በዚህ ሕግ መርከብ ትባላለች ወይስ አትባልም ሲሉ ጠየቁ። ያርጋልን አላበው። አንዱ በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ሁሉ መርከብ ነው አለ፤ ሌላው ታዲያ ግንድም መርከብ ሊሆን ነው ወይ ብሎ ተቆጣ። ሸንጎው የጥፋት ውኃን ይዞ ሲነጉድ፣ ባዝራዋ በሰው በረት የታሰረችባት በለጠች ናት ወደ ደረቅ የመለሰችው።

ክንዴ ሞኝ አልነበረም። ባዝራይቱ ልታመልጠው መሆኗን ሲያይ ሕጉን ራሱ ጨበጠው።

«ይሁን፣ ባዝራዋ የእሷ ትሁን። ጭነቱስ? ጭነት አብሮ ሲድን ለአዳኙ አይከፈልበትም?»

ያርጋል መዋሸት አልሆነለትም። ይከፈልበታል አለ።

«እንግዲያው የሆዷን ለእኔ።»

ሰው አጨበጨበ። በለጠች የአክስቷን ልጅ ገላመጠችው።

«እግዜር ይስጥህ ያርጋል። ከአንዱ ገደል አውጥተህ ከሌላው ከተትኸኝ።»

ያን ጊዜ ነው እየፈተለች የሰማችው ሁሉ የጠቀማት። ያርጋል መርከባቸው አሸዋ ላይ ወጥታ ስትድን፣ ከሌላ መርከብ መጥተው የጎተቱት ሲሸለሙ፣ እነሱ ባሕረኞቹ ግን መርከቧን ማዳን የገዛ ሥራችሁ ነው ተብለው ባዶ እጃቸውን መቅረታቸውን ስንት ጊዜ አማርሮ ነግሯታል። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

«ክንዴ፣ ያን ዕለት ጠዋት የማንን ጠላ ጠጣህ?»

«ያንቺን።»

«ምሳስ?»

ክንዴ ወደ ዳኛው ዞረ። ወንድሙ አለነ ግን፣ «በላን እንጂ» አለ በየዋህነት። «ባዝራይቱን በረት አስረን ተመልሰን በላን። ክንዴማ ምርቃቱንም ያደረሰ እሱ ነው።»

«ታዲያ ከደቦዬ መች ወጣህና ነው አዳኝ የሆንኸው? ባሕረኛ የገዛ መርከቡን ቢያድን ሽልማት የለውም።»

የሸንጎው ሳቅ ጋብ ሲል ሁሉም ወደ ያርጋል ዞረ። ያርጋል ፊቱ በርቶ ነበር። ቢሆንም፣ ደቦው የተጠራው ለአጨዳ ነው፣ ከውሉ አልፎ ለደከመ ሠራተኛ ሕጉ ዓይኑን አይጨፍንም ብሎ ጨመረ። በለጠች ዝም ቢል ምን ነበረበት አለች በሆዷ።

ተክለ ማርያም ፈረደ። ባዝራይቱ ከነሆዷ ወደ ባለቤቷ ትመለስ። የደቦ ብድሩ ደቦ ነውና፣ ገደል መውረድ ግን ከማጨድ ይከብዳልና፣ በለጠች ሰው አስተባብራ ለክንዴ አጨዳውንም ውቂያውንም ታድርስለት። የተበጠሰውንም መጫኛ ትተካ። ክንዴ አጉረመረመና ጠላው ከማን ቤት ነው ብሎ ጠየቀ። ከጠሪው ከአንተው ቤት ነዋ አሉት።

ሰው ተከትሏቸው ወደ ክንዴ በረት ሄዱ። በለጠች ጎንበስ ብላ የባዝራዋን እግር ስታይ ቁስሉ ታጥቦ ቅቤ ተቀብቷል። ቀና ብላ ክንዴን አየችው፤ እሱ ገመዱን የሚፈታ መስሎ ፊቱን አዞረ።

«እሑድ ምሳ ና» አለችው።

«አጫጅ ሆኜ ነው አዳኝ?»

«ባዝራዬን ያወጣህልኝ ሰው ሆነህ» አለችና ገመዱን ተቀብላ ነዳች።