የማማው ጥላ በዙሁር ሰዓት

በዚያ ሳምንት ሙሐመድዘይን ማማው ላይ ያልወጣው በእንቅልፍ ሰዓቱ ብቻ ነው። ጧት ይወጣል፤ ቁርሱን ጎርሶ ይወጣል፤ ከሰዓት፣ ከአስር ሰላት በኋላ ደግሞ "አንዲት ብሎን ልይና" ብሎ ቀበቶውን ይታጠቃል። ሠላሳ ዓመት የስልክ ማማ ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ሰው፣ ጡረታ ሲወጣ መሬት ላይ መቀመጥ አቃተውና በገዛ ግቢው አሥራ ሁለት ሜትር ብረት አቆመ። የአማተር ሬዲዮ ፈቃዱንም በመስታወት አስገብቶ ሳሎን ሰቀለው። የከሚሴ ሰው ደግሞ አፉ ሥራ አይፈታም፤ የሰፈሩ ባጃጅ ነጂዎች "ዘይኑ፣ ኔትወርኩን መቼ ነው የምትለቅልን?" እያሉ ያልፋሉ። እሱም ከላይ ሆኖ የብሎን ቁልፉን ያወዛውዝባቸዋል።

የዚህ ሳምንት መውጣትና መውረድ ግን የጨዋታ አልነበረም። በማማው አናት ላይ ሰሞኑን የተከለው ረጅም አንቴና አለ። አንቴናውን የተሸከመውን ቱቦ ከሥሩ ያለው ሞተር ያዞረዋል፤ ወዴት እንደዞረ ደግሞ ሳሎን የተቀመጠች ሣጥን በመርፌዋ ታሳያለች። መርፌዋ ዜሮ ላይ ስታርፍ አንቴናው ሰሜንን ማየት አለበት። ጅዳ ያለው የሬዲዮ ወዳጁ ከከሚሴ ቀጥ ብሎ ሰሜን ነው። ዜሮ ላይ ሊሰማ ሲገባው፣ ድምፁ ጥርት የሚለው መርፌዋ ሦስት መቶ ሠላሳ ላይ ስትደርስ ነው። ሠላሳ ዲግሪ ወደ ግራ! የናይሮቢውም በዚያው በሠላሳ ይስታል። ዘይኑ ቱቦው ማሰሪያው ውስጥ እየተንሸራተተ ነው ብሎ ፈረደ። ብሎኖቹን አጠበቀ፤ ያው ሠላሳ። ፈቶ እንደገና አሰረ፤ ያው ሠላሳ። የሚንሸራተት ብረት አንድ ቀን አምስት፣ አንድ ቀን አሥር ይስታል እንጂ እንዴት ሁልጊዜ እኩል ይስታል? ጥያቄው ሳይመጣለት ቀርቶ አይደለም። ቁጭ ብሎ የሚያስብበት ልብ ስላልነበረው ነው።

እረፍት የነሳው ሐሙስ ነበር። ሐሙስ እህቱ ዙቤይዳ ከደሴ መኪና ይዛ ትመጣለች፤ አባታቸውን አባ ሙሄን ይዛ ልትመለስ። አባ ሙሄ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። እንደ ዙቤይዳ አባባል መሳት ጀምረዋል፤ ደሴ ሐኪም ቅርብ ነው፣ ግቢው ይቆለፋል፣ የሚጠብቃቸውም ሰው አለ። እሳቸው ግን ከከሚሴ መውጣት አይፈልጉም። ሚስታቸው የተቀበረችው እዚሁ ነው። "የእኔም አፈር እዚህ ነው" ብለዋል፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀስ ብለው። ዘይኑ ይህች ቃል ትዝ ባለችው ቁጥር ቀበቶውን ያነሳል።

እህቱን እምቢ እንዳይላት፣ ነገሩን እሱም በዓይኑ አይቶታል። አዲሱ የብሎኬት ቤት ከተሠራ ሦስት ዓመት ሆነው፤ ከዚያ ወዲህ አባ ሙሄ የሰላት ምንጣፋቸውን ጠማማ ነው የሚዘረጉት። ቤተሰቡ ወደ ሳሎኑ የፊት ግድግዳ ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ እሳቸው ወደ ግራ፣ ወደ ማዕዘኑ ያጋድላሉ። በመጀመሪያው ወር ተናግረው ነበር። "ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ቂብላው ወደዚህ ነው" አሉት።

"እሺ አባዬ" አላቸው ዘይኑ፣ ትከሻቸውን ይዞ ቀጥ እያደረጋቸው። ሰሜንን እሱ ካላወቀ ማን ሊያውቅ ነው? ግንበኛውን "እንደ አሮጌው ቤት አድርገህ አቁመው" ብሎ ያዘዘውም እሱ ነው። የአያቱ አሮጌ ቤት ደግሞ ፊቱ ቂብላ ነበር፤ መካ ከከሚሴ ቀጥ ብላ ሰሜን ናትና። አንቴናውን ሲተክል እንኳ ኮምፓሱ በማማው ብረት ምክንያት ቢቀባዥርበት፣ "እኛ ሰዎች ኮምፓስ ምን ያደርግልናል?" ብሎ በሳሎኑ ግድግዳ ለክቶ ነው ዜሮውን ያሰረው።

ከዚያ ወዲህ አዛን ባለ ቁጥር ወይ እሱ ወይ ሚስቱ መሊካ ምንጣፉን ያስተካክሉላቸዋል። አባ ሙሄም መናገሩን ትተው ዝም ብለው ይሰግዳሉ። የባሰው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሰው ዘወር ሲል ያንኑ ሰላት ደግመው ይሰግዳሉ። መሊካ በበሩ ክፍተት አይታለች፤ አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። ግቢ ሲወጡ ደግሞ በትራቸውን መሬት ላይ ተክለው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ የማየት አመል አምጥተዋል።

"መስገዳቸውን ይረሳሉ፣ ቂብላውም ጠፍቷቸዋል" አለችው ዙቤይዳ በስልክ። "ወላሂ፣ ሙአዚን ሆነው የኖሩ ሰው! ከዚህ ወዲያ ምን እስኪሆኑ ነው የምትጠብቀው?"

በጨፋ ገጠር ሰዓት ያሰረ ሰው ባልነበረበት ዘመን፣ አገሩን ለሰላት ሲጠሩ የኖሩት አባቱ ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ቂብላ ከጠፋው ምን ቀረው? "መርሃባ፣ ነይ ውሰጃቸው" አላት ዘይኑ። ስልኩን ዘግቶ ማማ ላይ ወጣ።

ሐሙስ ዙቤይዳ በአምስት ሰዓት ተኩል ደረሰች። ሾፌሩ መኪናውን በሩ ላይ አቁሞ ከባጃጅ ነጂዎቹ ጋር ጫቱን ይዞ ተቀመጠ። እሷ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ የአባቷን ሸሚዝና ሽርጥ እያጠፈች ሻንጣ ውስጥ ትከት ጀመር። የቸኮለችው ልቧ ጨክኖ አልነበረም፤ እጇ ከቆመ እንደምታለቅስ ስለምታውቅ ነው።

"ስንት ቀን ነው የምቀመጠው?" አሏት አባ ሙሄ።

"እስኪሻልዎት ነው፣ አባዬ። አብሽሩ።"

"ምን ሆኜ?"

መሊካ ወደ ማድቤት ገባች። ዘይኑ ደግሞ የአባቱ ሽርጥ ሲታጠፍ ቆሞ ከሚያይ ሰማይ ቤት ቢወጣ የሚመርጥ ሰው ነውና፣ አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፉን ኪሱ ከቶ ማማው ላይ ወጣ።

አናቱ ላይ ሲደርስ ቁርጡን ወሰነ። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ቱቦውን ፈትቶ በእጁ ሠላሳ ዲግሪ ጠምዝዞ ሊያስረውና ሊገላገል። ማሰሪያውን አላላ። ከታች የበሩ ማጠፊያ ሲንሳጠጥ ሰማና ጎንበስ አለ። አባ ሙሄ ምንጣፋቸውን በብብታቸው ይዘው፣ በትራቸውን እየተመረኮዙ ወደ ግቢው መሃል ወጡ። ውዱእ አድርገዋል፤ እጃቸው ገና አልደረቀም።

የታኅሣሥ ፀሐይ ናት፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። የማማው ጥላ በግቢው አፈር ላይ ተጋድሟል። አባ ሙሄ የጥላው ጫፍ አጠገብ ቆሙና ጠበቁ። የሚጠብቁት ሰው እንጂ ጥላ አይመስልም ነበር። ቆየት ብለው ጎንበስ አሉና ምንጣፉን ጥላው ላይ ዘረጉት። ጠርዙን በጣታቸው ነካ አድርገው አቃኑት፤ ደግመው አዩት።

ዘይኑ ሰዓቱን አየ። ስድስት ሰዓት ከሩብ ሊሆን ነው።

መጀመሪያ ያየው ምንጣፉና ጥላው አንድ መስመር መሆናቸውን ነው። ቀጥሎ ያየው የቤቱን ቆርቆሮ ነው፤ ቤቱ ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ቀኝ ተጣሟል። ከላይ ሲታይ እንዲህ ግልጽ ነው፤ ማንም ልጅ ይለየዋል። በታኅሣሥ ፀሐይዋ በደቡብ በኩል ታልፋለች፤ በቀትር ጥላ ከሁሉም አጥሮ ሲያርፍ የሚጠቁመው ሰሜንን ነው። ይህን በሥራ ዘመኑ ሠላሳ ዓመት ሲያውቀው ኖሯል። አባቱ ግን ሳይማሩት ሰባ ዓመት ሠርተውበታል፤ ዙሁር፣ የቀትሩ ሰላት፣ የሚገባው ያ ጥላ አጥሮ ዘንበል ሲል ነው፤ ሙአዚን ይህን ካላወቀ ምን ያውቃል?

በዓይኑ ለካ። በመስመሩና በግድግዳው መካከል ያለው ሠላሳ ዲግሪ ነው። የሣጥኗ ሠላሳ!

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ተግተልትሎ መጣበት። ግንበኛው ሲባጎ የወጠረበት ሳምንት እሱ ባቲ ለሥራ ሄዶ ነበር። ኮብልስቶኑ ያኔ አዲስ ነው፤ ግንበኛው ቤቱ ከመንገዱ ጋር እኩል ቢቆም ያምራል ብሎ በመንገዱ ልክ ወጠረው። አባቱ ደግሞ ቤቱ እስኪያልቅ ዙቤይዳ ዘንድ ነበሩ። መስጊዱ የሚገኘው ሁለት ጠማማ ቅያስ ጨርሶ ነው፤ የመስጊዱን ፊት ከሳሎኑ ግድግዳ ጋር ያስተያየ ሰው አልነበረም። አባ ሙሄ ብቻ አስተያይተዋል። አንቴናውም ሳምንቱን ሙሉ ይኸንኑ ሲነግረው ሰነበተ።

"አባዬ! ፀሐይ ላይ ምን ያደርጋሉ?" ዙቤይዳ ከቤት ወጣች፤ ክንዷ ላይ አንድ ያልታጠፈ ሸሚዝ አለ። "ቂብላው እኮ ወደዚህ ነው" አለችና ሁለቱን ትከሻቸውን ያዘች።

አባ ሙሄ አልታገሏትም። ሦስት ዓመት የለመዱት ነው። እንደ ልጅ እጃቸውን ለቀቁላትና ዞሩ።

ዘይኑ ያንን መዞር እስከዚያ ቀን ከላይ ሆኖ አይቶት አያውቅም። ሁልጊዜ የሚያዞረው እሱ ነበር።

"አትንኪያቸው!"

ድምፁ የራሱ አልመሰለውም። ቁልፉ ከእጁ አምልጦ ብረቱን እያቃጨለ ወረደና ከማማው እግር ሥር ተተከለ። ከአጥሩ ውጭ ባጃጅ ነጂዎቹ ብድግ አሉ። ዘይኑ እየተጣደፈ ወረደ፤ ጥላው ሳይሄድበት በፊት ቁልፉን አነሳና በጫፉ ከማማው እግር እስከ ምንጣፉ ድረስ መሬቱን ጭሮ አሰመረ።

"ምን ሆንክ? ምንድን ነው?" አለች ዙቤይዳ።

"ሰሜን ይህ ነው" አለ እያለከለከ። "ቤቱ ነው የተጣመመው። እኔ ነኝ ያጣመምኩት፤ ሳላይ፣ ሳልለካ። አባዬ አልሳቱም።"

ዙቤይዳ መስመሩን አየች፣ ግድግዳውን አየች። የቱን እንደምታምን ገና የለየላት አትመስልም። "ሰላቱን የሚደግሙትስ?" አለች።

አባ ሙሄ ናቸው የመለሱላት። "አልረሳሁም። ስታዞሩኝ እሰግዳለሁ፤ ስትወጡ ምንጣፌን እመልስና እደግመዋለሁ። አምስቱን ሰላት አሥር አድርጌ ነው የምሰግደው።"

"ለምን አልነገሩንም?" አለ ዘይኑ፤ ቃሉ ከአፉ እንደወጣ አፈረበት።

"ነገርኩህ እኮ። 'እሺ አባዬ' አልከኝ።" አባ ሙሄ በትራቸውን ተመረኮዙ። "ኋላ ላይ እኔም ፈራሁ። ልጆቼ ሁሉ አንድ ነገር ሲሉ፣ የሳትኩት እኔ እሆን? አልኩ። ለዚህ ነው በትር እየተከልኩ የማየው። አንድ ቀን ጥላውም እንደናንተ እንዳይለኝ እየሰጋሁ።"

መሊካ የማድቤቱ በር ላይ ቆማ ሻሿን ወደ አፏ አስጠጋች። "ያ ረቢ! የእኛስ የሦስት ዓመት ሰላት?"

"ሳታውቁ ነው። አላህ መሐሪ ነው።"

ዘይኑ እጆቹን አያቸው። የብረት ዝገት አለባቸው። በእነዚህ እጆች ስንት ጊዜ እንዳዞራቸው ለማስላት ሞከረና ተወው። አናቱ ላይ ያላላው ማሰሪያ ትዝ አለው፤ ነፋስ ቢነሳ አንቴናው ወደፈለገበት ይዞራል። ይዙር፤ ሲፈልግ መስመሩ እዚህ መሬት ላይ ነው።

በሩ ላይ ሾፌሩ ጡሩንባ ነፋ። ዙቤይዳ ዘወር ሳትል "ሂድ በለው" አለችው ወንድሟን። ሸሚዙን መልሳ ክንዷ ላይ ጣለችው፤ አሁን ግን አላጠፈችውም።

አዛኑ ከመስጊዱ ተሰማ። አባ ሙሄ ምንጣፉ ዳር ቆመዋል፤ ግን አልረገጡትም። መጀመሪያ ዘይኑን፣ ቀጥሎ ዙቤይዳን፣ ከዚያ የሁለቱንም እጅ አዩ።

"አሁን ልስገድ?" አሉ።

ዘይኑ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀላቸው። ሁለቱም እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ከምንጣፉ ራቁ።

አባ ሙሄ በመስመሩ ላይ ቆመው ዙሁርን ሰገዱ። አልቸኮሉም። ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሰላም ብለው ሲያበቁ ትንሽ ተቀመጡ። ከዚያ በትራቸውን ይዘው ተነሱ፣ ምንጣፉን አራግፈው አጠፉት፣ ብብታቸው ሥር ከተቱት። ዘይኑ እስኪደግሙት ጠበቀ። እሳቸው ግን ወደ ቤቱ ጥላ ሄደው ተቀመጡና ምሳቸውን ጠየቁ።