የላሉ ክሮች

«ማይኩን አትዋጠው፤ ራቅ በል» አለች ሴትየዋ ከአዳራሹ ጀርባ፣ ከድምፅ መቆጣጠሪያው ጠረጴዛ ላይ ሆና።

መድረኩ ላይ የቆመው ወጣት ዘፋኝ ዓይኑን ሳይገልጥ አንድ እርምጃ አፈገፈገና እንደገና ጀመረ። ጉሮሮው ውስጥ አሸዋ የተበተነበት ይመስል እየሻከረ፣ እያንዳንዱን ቃል እየጎተተ ዘፈነ። ከመጨረሻው ስንኝ በፊት ሳል ሳል አለ፣ ዝም አለ፣ ከዚያ ቀጠለ።

«ሳሉ ደግሞ ለምንድነው?»

«እሱ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ካሴቱ ላይ አለ።»

«ካሴቱ ላይ ያለው በሽታው ነው» አለች። «ቀጣይ!»

እሱ የተባለው ባሏ ነበር። የሞተበት ቀን በመጣ ቁጥር በዚህ አዳራሽ ዝግጅት ይደረጋል፤ እሷ ደግሞ የአዳራሹ የድምፅ ባለሙያ ናት። ስለዚህ በያመቱ የባሏን ዘፈኖች ባሏን ከማያውቁ ልጆች አፍ ትሰማለች። ሁሉም ያጎነብሳሉ፣ ሁሉም ይሻክራሉ፣ ሁሉም የጊታራቸውን ክር አላልተው ይመጣሉ። ገመድ የሚዘረጉት ሠራተኞች «አልቃሾቹ ገቡ» ይባባላሉ። እሷ በሰማች ጊዜ ደንግጠው ነበር። አልተቆጣችም።

ቀጣይዋ ልጇ ነበረች። ወደ መድረኩ ስትወጣ አጎቷ፣ የባሏ ወንድም፣ ጊታሩን ይዞላት ከኋላ ተከተለ። የመታሰቢያ ኮሚቴው ሰብሳቢ ስለሆነ ለልምምድም ከረባት ያስራል።

«ሐኪሙ ምን አለሽ?» አለች እናትየው ከጠረጴዛዋ ሳትነሳ።

«ያለውን ሰምተሻል።» የልጅቷ ድምፅ በንግግርም ይሰነጠቅ ነበር።

«እኔማ ሰምቻለሁ። አንቺ ሰምተሽ እንደሆነ ነው የጠየቅኩት።»

ሐኪሙ ጠዋት የልጅቷን ጉሮሮ በትንሽ መስታወት አይቶ፣ እብጠቱን ለሁለቱም በሥዕል አሳይቷቸው ነበር። ጉሮሮዋን እየፋቀች መዝፈኗን ካልተወች ድምፅዋ ሊመለስ እንደማይችልም ነግሯቸዋል።

«እህቴ፣ ልጅቷን አታስጨንቂያት» አለ አጎት። «ሕዝቡ የሚመጣው እሷን ሊሰማ ነው። የአባቷን ድምፅ የወረሰች እሷ ናት።»

«ከአባቷ የወረሰችው አፍንጫውን ነው። ድምፁን ጉሮሮዋን እያረደች ነው የምታመጣው።»

«አንቺም ለዛሬ እንኳ ጥቁር ብትለብሺ ምን ነበረበት? ካሜራ አለ።»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«ተዋት፣ አጎቴ» አለች ልጅቷ። «ቀብሩ ላይም አላለቀሰችም ይባል የለ።»

ማይኩ ክፍት ስለነበር ንግግሩ ከአራቱም ድምፅ ማጉያ ወጣ። ገመድ የሚጠቀልሉት ሠራተኞች የተጠቀለለውን ፈትተው እንደገና መጠቅለል ጀመሩ። እናትየው የማይኩን ድምፅ በአንድ ጣቷ ትንሽ ዝቅ አደረገች።

«ዝፈኚ» አለች።

ልጅቷ ዘፈነች። ያው የታወቀው ዘፈን ነበር፤ በሩን አትዝጊው የሚለው። ባሏ ያወጣው ቤታቸው በር ላይ ነው። ከገበያ ሁለት እጁ ሞልቶ ሲመጣ፣ ማንኳኳት ሲያቅተው፣ በቀጭን ድምፅ፣ በጥድፊያ፣ ጎረቤት እስኪስቅ ድረስ ይዘፍነዋል። ኋላ ታመመ። ድምፁ ወረደ። ጣቶቹ ይንቀጠቀጡ ስለነበር የጊታሩን ክሮች እያላላች ዝቅ ያደረገችለት እሷ ናት፤ የቀረው ድምፅ እስኪደርስበት ድረስ፣ በየወሩ ትንሽ ትንሽ። ካሴቱ የተቀዳው በዚያ ጊዜ ነው። አንድ ጊዜ አዳምጦ፣ «ይሄ ሽማግሌ ማን ነው?» አላትና ሁለተኛ አልሰማውም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ልጆች ሁሉ ዘፈን የተማሩት ከዚያ ሽማግሌ ነው። በሩ ላይ የሚዘፍነውን ግን ለማንም አልተናገረችም። እሱ የብቻዋ ነበር።

መጨረሻው ስንኝ ላይ የልጅቷ ድምፅ ጠፋ። አፏ ተከፍቶ ነፋስ ብቻ ወጣ። በእጇ ጉሮሮዋን ያዘች።

አጎት አጨበጨበ። «ይኸው! ይኸው ነው! ዛሬ ማታም ልክ እንዲህ አድርጊልኝ!»

እናትየው ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወረደች። በወንበሮቹ መካከል አልፋ መድረኩ ላይ ወጣችና እጇን ዘረጋች።

«ጊታሩን ስጪኝ።»

«ለምን?»

«ክሩ ላልቷል።»

«ሆን ብዬ ነው ያላላሁት።»

«አውቃለሁ። መጀመሪያ ያላላሁት እኔ ነኝ።»

ልጅቷ ምን ማለቷ እንደሆነ ልትጠይቅ ስትል ጊታሩ ከእጇ ወጥቶ ነበር። እናትየው የመድረኩ ደረጃ ላይ ተቀምጣ መቃኛዎቹን አንድ በአንድ ታጠብቅ ጀመር። ክሩ ሲጮህ አጎት ፊቱን አጨማደደ።

«ምን እየሠራሽ ነው? ሕዝቡ የሚያውቀው ዝግታውን ነው! ልታዋርጂን ነው?»

«አንተም ፈጣኑን ታውቀዋለህ። ያኔ እኛ ጋ ስትኖር እየሳቅክ በሩን ስትከፍትለት አልነበረም?»

አጎት ከረባቱን ነካካ።

«እኔ ግን ሌላ አላውቅም» አለች ልጅቷ። ድምፅ ስላልነበራት በሹክሹክታ ነው የጮኸችው። «ትንሽ ልጅ ነበርኩ። የማስታውሰው ይሄን ድምፁን ብቻ ነው። እሱንም ልትወስጂብኝ ነው?»

እናትየው የመጨረሻውን ክር አጥብቃ በአውራ ጣቷ መታችው። ከፍ ብሎ፣ ጥርት ብሎ ጮኸ።

«ሌላ አለኝ» አለች።

በዚያ አዳራሽ ስንት ዓመት ስትሠራ ለዘፈን አፏን ከፍታ አታውቅም። አሁን ከፈተች። ያልተገራ ቀጭን ድምፅ ነበራት፤ የመጀመሪያዎቹን ስንኞች ሰው እንደሚያባርራት በጥድፊያ ዘፈነቻቸው። ከገመዶቹ መሐል ከሠራተኞቹ አንዱ ሳቀ፤ ወዲያው አፉን ያዘ።

«ቀልድ ነው እንዴ?» አለች ልጅቷ።

«ቀልድ ነበር።»

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ደብቀሽኝ?»

«አዎ።»

ልጅቷ ጊታሩን ነጠቀቻት። እጇ ክሩን መልሶ ሊያላላ ወደ መቃኛው ሄደና እዚያው ቀረ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ግን የንዴት ነው።

«እንደዚህ ከተዘፈነ ማንም አያለቅስም» አለች።

«አያልቅስ።»

እናትየው ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። የባሏ ዘፈን በተዘፈነ ቁጥር ሁሉም ድምፁ እንዲያስተጋባ ይፈልጋሉ፤ ኮሚቴው ራሱ በጽሑፍ አዞ ነበር። የማስተጋቢያውን ቁልፍ ይዛ እስከ ታች ድረስ ዘጋችው፤ ማዳመጫውን ሳታጠልቅ ልጇ እስክትጀምር መጠበቅ ጀመረች።